ያልጻፈችው መጨረሻ

በሰው ላይ ከሠራኋቸው ጥፋቶች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሦስት መስመር ነው። በሰማያዊ ቀለም፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ አንድም ቦታ ሳይሰረዝ የተጻፈ ሦስት መስመር። ስለ እሱ ከማውራቴ በፊት ግን ስለ ጓደኛዬ ማውራት አለብኝ። እሷ ባትኖር ጥፋቱም አይኖርም ነበር፤ እኔም ዛሬ ብዕር የምይዝ ሰው መሆኔን እንጃ።

ኦስሎ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ግሮሩድ ከጫካው ጥግ ስምንተኛ ፎቅ ላይ እኖር ነበር። ሥራዬ ሲከየም ነበር፤ ሲከየም የሚሉት አቅመ ደካማ አረጋውያን የሚጦሩበትን ቤት ነው። ሽማግሌዎችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ዳቦ ላይ ቡናማውን አይብ እየቆረጥኩ አበላለሁ፤ ቋንቋው ሲጠፋኝ እስቃለሁ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግሩነርሎካ እንወርዳለን። እዚያ ኖርዌጂያኖቹ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ የምንገባበት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ግሩነርሎካ ያኔ ግድግዳው የጠቆረ የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ዛሬ ግን ዋጋው ሰማይ ስለነካ እዚያ ቡና ለመጠጣት ልብ ይጠይቃል።

ጉባኤያችን በየሁለት ወሩ የምታወጣት መጽሔት ነበረቻት። መጽሔት ማለቴ ለማክበር ነው እንጂ፣ በእጅ ተጽፋ፣ በኮፒ ማሽን ተባዝታ፣ ጥጓ በስቴፕለር የተያዘች አሥራ ሁለት ገጽ ነበረች። አማርኛ የሚጽፍ ኮምፒውተር ያለው ሰው በመካከላችን አልነበረም። ስለዚህ እጅ ጽሑፉ የሚነበብ ሰው ተፈለገና እኔ ተገኘሁ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን ሲደክማቸው ጠመኔውን ለእኔ ነበር የሚሰጡኝ። በሌላ ነገር ተመስግኜ ስለማላውቅ በእጅ ጽሑፌ ክፉኛ እኮራ ነበር።

አንድ እሁድ፣ ከዝማሬው በኋላ፣ አንዲት ረዘም ያለች ሴትዮ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከእኔ ስምንት ዓመት ያህል ትበልጣለች። አገር ቤት ነርስ ነበረች፤ እዚህ ግን መንግሥት የነርስነት ወረቀቷን እስኪያምንላት ድረስ እንደኔው ረዳት ሆና በሌላ ሲከየም ትሠራ ነበር። አራት የታጠፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች።

«አንቺ ነሽ አሉ ገልባጯ?»

ወረቀቱን ዘረጋሁት። ዶሮ የጫረችው ነበር የሚመስለው።

«እትዬ፣ ይሄ አማርኛ ነው?» አልኳት። ያኔ አፌ ለከት አልነበረውም፤ አሁንም ብዙ አልተሻለውም።

«ለኔ አማርኛ ነው። ላንቺም እንዲሆንልሽ ማክሰኞ ሊንደበርግ ነይና ላንብብልሽ።»

ሄድኩ። ሊንደበርግ ከባቡር ጣቢያው አምስት ደቂቃ የምታስኬድ ቤት ነበረቻት፤ በመስኮቷ የሚታየው ሌላ ፎቅና የሌላው ፎቅ መስኮቶች ናቸው። እሷ አነበበች፣ እኔ ጻፍኩ። ታሪኩ ጫማዋን ለሠርግ አውሳ በባዶ እግሯ ከቤት ስለቀረች ሴት ነበር። ሰባት ገጽ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ በሳቅ እጄ ተንቀጥቅጦ ወረቀቱን አበላሸሁትና እንደገና ጀመርኩ። ስንጨርስ፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ነገርኳት፤ እኔም እንደምጽፍ፣ ሦስት ደብተር ሙሉ ጽሑፍ አልጋ ሥር እንዳለኝ። አልተገረመችም፣ «ጎበዝ» አላለችኝም። «በሚቀጥለው ማክሰኞ አምጪው» ብቻ አለች።

እንዲህ ተጀመረ። ለሁለታችንም ማክሰኞ ነፃ ቀን እንዲሆን ቫክታችንን፣ የሥራ ፈረቃችንን ማለት ነው፣ ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር መለዋወጥ ለመድን። አሠራራችን ማንም ያስተማረን አልነበረም። የእኔን ጽሑፍ እሷ ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ የእሷን እኔ እገለብጣለሁ። አንድ ሕግ ነበረን። አንባቢዋ አስተያየት አትሰጥም፣ ገልባጯ አንዲት ፊደል አትነካም። እኔ ያኔ አረፍተ ነገር መቋጨት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር፤ ስድስት መስመር ድረስ እሄድ ነበር። እሷ ደግሞ ነጥብ እስክታገኝ ድረስ ትንፋሽ ሳትወስድ ታነብና፣ መጨረሻው ላይ ዓይኗ ፈጦ፣ ጠረጴዛውን ይዛ ታለከልካለች። አንድም ነገር ሳትናገር አረፍተ ነገር ማሳጠር አስተማረችኝ። ዛሬም ነጥብ ሳስቀምጥ የምትተነፍሰው እሷ ናት።

እኔም ስገለብጥላት ብዙ ተማርኩ። የሰው ጽሑፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ በገዛ እጅ መልሶ መጻፍ ግን ሌላ ነው። ዓይን የሚዘልለውን እጅ አይዘልለውም። ቃል እንዴት እንደምትቆጥብ፣ አንድን ሰው በአንድ ድርጊት እንዴት እንደምታሳየው ጣቶቼ ከጭንቅላቴ ቀድመው አወቁት። የገለበጥኩትን መልሳ አንብባው አታውቅም። የታተመውንም አታነብም፤ «የገዛ ፎቶዬን ይዤ መንገድ ላይ እንደመሄድ ነው» ትል ነበር። የምሰጣትን ቀጥታ ለመጽሔቷ ኃላፊ ታቀብላለች።

ሥራችንን ከጨረስን በኋላ እናወራለን። ስለ ምን እንደምናወራ ቢጠይቁኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጓደኝነት ነበር እላለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ስለ ሰው የምናማ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ስለ ሲከየሜ አንድ ሽማግሌ ነገርኳት። ሐሙስ ሐሙስ ሌላ ሽማግሌ ሊጠይቋቸው ይመጣሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ እንግዳው «በረዶ ሊጥል ነው» ይላሉ፤ የእኛው «ያ» ይላሉ፣ አዎ ማለታቸው ነው። ከዚያ እንግዳው ኮፍያቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። እኔ ተኳርፈው መስሎኝ፣ ላስታርቃቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

«አልተኳረፉም» አለችኝ። «አውርተው ጨርሰው ነው። እኛ ገና ጀማሪ ስለሆንን ነው እንዲህ የምንለፈልፈው።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት፣ የጥንት ሰዎች ስለ ወዳጅነት ያሰቡትን የሚተርክ መጽሐፍ ተዋስኩ። በዚያች በኖርዌጂያንኛዬ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ስታገል ከርሜ፣ አንድ ሐሳብ ልቤን ነካው፤ ጓደኛ ማለት ሁለተኛ አንተ ነው ይላል፤ አንድ ነፍስ ሁለት አካል ውስጥ። በደስታ ሰክሬ ሊንደበርግ ሄድኩ። ስለ እኔና ስለ እሷ የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

እሷ ድንች እየላጠች ሰማችኝ። ከዚያ፣ «አይመስለኝም» አለች።

«እንዴት አይመስልሽም? ስንት ሺህ ዘመን የተባለ ነገር እኮ ነው!»

«ስንት ሺህ ዘመን ይባላ። ሁለተኛ እኔን ምን ላደርጋት? አንዷም በዝታብኛለች። ጓደኛ እኔ ያልሆነችው ናት። እኔ የማላየውን የምታየው፣ እኔ የማልለውን የምትለው። እኔን ብትሆን ኖሮ ምን ብዬ ባቡር ተሳፍራ እንድትመጣ እጠብቃታለሁ?»

ተከራከርኩ። እኔ በክርክር መሸነፍ አልወድም። ስለምወዳት፣ ነፍሳችን አንድ ናት ማለቱ ትልቅ ምስጋና ይመስለኝ ነበር። እሷ የምታስበውን ሳትናገረው የማውቀው፣ የጀመረችውን ቃል የምጨርስላት ይመስለኝ ነበር። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

በዓመቱ መጸው ላይ ሌላ ታሪክ አመጣች። ከሁሉም የበለጠው እሱ ነበር። ነቀምት ውስጥ አብረው ስለተማሩ ሁለት ነርሶች ነው፤ አንድ አልጋ የሚጋሩ፣ በአንድ ሻማ የሚያነቡ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ የማትበላ። ከዚያ የአንደኛዋ አባት ይሞታሉ። ከተማው በሙሉ ለቅሶ ይደርሳል፤ ጠላት ሳይቀር ይመጣል። ሁለት መንገድ ወዲያ ያለችው ጓደኛዋ ግን አትመጣም። ሦስት ቀን በር በሩን ታያለች። አትመጣም። ከወራት በኋላ ልጅቷ አገር ልትለቅ አውቶቡስ ስትሳፈር፣ ያቺው ጓደኛ መናኸሪያው ውስጥ በየመስኮቱ እየሮጠች ስትፈልጋት ታያታለች። የታሪኩ የመጨረሻ ቃላት «ፊቷን አዞረች» የሚሉ ነበሩ። አለቀ።

ይህን እያነበበችልኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። የራሷ ታሪክ መሆኑን ግን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። ጠየቅኳት።

«ያ» አለች። «ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። አስራ ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

«ለምን አልመጣችም?»

«አላውቅም። ይኸውልሽ፣ ዘመድ ግዴታ አለበት። ለቅሶ ባይመጣ አገር ይወቅሰዋል። ጓደኛ ግን ግዴታ የለባትም፤ ወድዳ ነው የምትመጣው። ባትመጣም የሚጎድልሽ ያንቺ ብቻ ነው። ማንም አላስተዋለም እኮ! ቤቱ ሞልቶ ነበር።»

እጅ ጽሑፏን እየለመድኩት ስለነበር ቤቴ ወሰድኩት። ኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ውጭ ዝናብ እየጣለ፣ መገልበጥ ጀመርኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ጭካኔ እንዴት ይታተማል? እህቶቻችን ሁሉ አገር ቤት አንድ ያኮረፉት ሰው አላቸው፤ ይህን አንብበው ምን ሊሆኑ ነው? ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከዚህ የተሻለ መጨረሻ እኔ እችላለሁ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ጓደኛዬም በልቧ ይህን እንደምትፈልግ እርግጠኛ ነበርኩ። ነፍሳችን አንድ አይደለችም እንዴ?

«ፊቷን አዞረች» ከሚለው ሥር ሦስት መስመር ጨመርኩ። አውቶቡሱ ከበሩ ሳይወጣ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ወርዳ መናኸሪያውን ሙሉ ዞረች፤ ጓደኛዋ ግን ሄዳ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ በልቧ ይቅር አለቻት። ሦስተኛዋ መስመር ዛሬም ታሳፍረኛለች፤ ስብከት ናት። ያን ዕለት ግን አንብቤ አንብቤ አልጠገብኳትም።

መጽሔቷ ወጣች። በዚያ እሁድ ጓደኛዬ ቫክት ላይ ስለነበረች የለችም። ሴቶቹ እኔን ከበቡኝ። አንዷ እናት እጄን ይዘው፣ «ያቺ ወራጅ አለ ያለችበት ቦታ አንጀቴን በላችው» አሉኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ያ፣ ጥሩ ትጽፋለች» አልኩ። ማክሰኞ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ማክሰኞ ሲመጣ ራሷን አሟት አገኘኋት፤ በሚቀጥለው ደግሞ የእኔን ጽሑፍ በደስታ አነበበችልኝና ስሜቷን ላበላሽ አልፈለግኩም። ሆድ ይፍጀው አልኩ። እሷ እንደሆነ የታተመ አታነብም፤ ሰው ሲያመሰግናትም ወሬ ትለውጣለች። ክረምቱ ገባ፣ በረዶው ተከመረ፣ እኔም ረሳሁት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ግን ለጌጥ አይደለም።

በመጽሔቷ እኛ ብቻ አልነበርንም የምንጠቀመው። ሰው ለዕረፍት አገር ቤት ሲሄድ ሁለት ሦስት ቅጂ ሻንጣው ውስጥ ይከትታል፤ እዚያ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። የካቲት ውስጥ አንድ አርብ ቀን፣ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ የቤቴ ደወል ተደወለ። ጓደኛዬ ነበረች። ግሮሩድ እምብዛም አትመጣም፤ አርብ ደግሞ ጭራሽ መጥታ አታውቅም። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠችና አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አንብቢልኝ» አለች።

«እኔ?»

«ያ፣ አንቺ። ሁልጊዜ እኔ አይደለሁ የማነብልሽ?»

አነበብኩ። ከነቀምቷ ጓደኛዋ ነበር። መጽሔቷ በሰው እጅ ደርሳት፣ ከታሪኩ ሥር የደራሲዋን ስም ስታይ፣ ማን እንደጻፈው ገባት። «እህቴ» ይላል ደብዳቤው፣ «ከአውቶቡሱ ወርደሽ ስትፈልጊኝ እንደነበር ይህን ሁሉ ዓመት አላወቅሁም። ትንሽ ብታገሥ ኖሮ ታገኚኝ ነበር። ይቅር ስላልሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ስላለፈው ነገር አናነሳም።» ድምፄ «ወርደሽ» የሚለው ጋ ሲደርስ ተሰበረ።

«ቀጥዪ» አለችኝ። ጨረስኩ።

ከቦርሳዋ መጽሔቷን አውጥታ ደብዳቤው አጠገብ አስቀመጠቻት። አንብባታለች።

«እትዬ፣ እኔ...»

«ቆይ። አትናገሪ። አንድ ነገር ብቻ እይልኝ» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። «የመጨረሻውን ቃል እይ። ስላለፈው አናነሳም ትላለች። ለምን ታነሳለች? ይቅር ተብላለች! አስራ ስድስት ዓመት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ፤ ለምን አልመጣሽም የምትል። መልሱን የምታውቀው በዓለም ላይ አንዲት ሴት ናት። አሁን እሷ መልስ ሰጪ አይደለችም፤ አመስጋኝ ናት። ጥያቄዬን ነው የቀማሽኝ። ምን ቆርጦሽ ነው በኔ አፍ ይቅር የምትዪው?»

«የምትፈልጊ መስሎኝ ነበር።»

«ልፈልግ እችላለሁ። እኔ ስወርድ ነው የምወርደው።»

ተነሥታ ሄደች። ደብዳቤዋን ወሰደች፤ መጽሔቷን ግን ተወችልኝ።

በማግስቱ ሊንደበርግ ሄጄ በሯ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ አልቅሼ። «ሰምቼሻለሁ» አለች። «አሁን ሂጂ። ሽማግሌም እንዳትልኪብኝ።» ልልክ አስቤ ነበር እኮ! ከጉባኤው ሁለት ሰዎች መርጬ፣ ምን እንደሚሉ ጭምር አዘጋጅቼ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው አልኩ። አንድ ታሪክ ላሳምር ብዬ፣ በዚህ አገር ያለችኝን አንዲት ሰው ጣልኩ።

ስድስት ማክሰኞ አለፈ። ቫክቴን መለወጡን ስላልተውኩ ማክሰኞ ማክሰኞ ነፃ ነበርኩ፤ ነፃ ሆኜ የምሄድበት አልነበረኝም። እጽፍ ነበር። የጻፍኩትን ለራሴ ጮክ ብዬ ለማንበብ ሞከርኩ፤ ኩሽናዬ ውስጥ ቆሜ፣ ልክ እንደ እሷ። አልሆነም። ትንፋሼ የት እንደሚቆም አስቀድሜ ስለማውቅ እዚያ ቦታ ላይ በዘዴ እተነፍሳለሁ። ደካማው አረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ድምፄ ይለሰልስለታል። የገዛ ድምፄ ሁሉን ይቅር አለኝ። ያኔ ድንቹን እየላጠች ያለችኝ ነገር ገባኝ። ሁለተኛ እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች፤ ምንም አልጠቀመችኝም። የሚያስፈልገኝ እኔ ያልሆነች ሰው ናት፤ እሷን ደግሞ እኔ ነሽ ብዬ ልውጣት ሞክሬያለሁ።

በሰባተኛው ሳምንት ሰኞ ስልኬ ጮኸ።

«ነገ ቫክት አለሽ?»

«ናይ» አልኩ። የለኝም ማለቴ ነው።

«እንግዲያው ነይ። ብዕርሽን ይዘሽ።»

በዚያ ባቡር ውስጥ ምን እንደጸለይኩ አልናገርም። በሩን ከፈተችልኝ፤ አልሳመችኝም፣ አላባረረችኝም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ገጽ የዶሮ ጭረት፣ ባዶ ወረቀትና ስም የተጻፈበት ፖስታ ነበር።

«እሷ የኔን ጽሑፍ ማንበብ አትችልም» አለች። «ትምህርት ቤት ሳለንም ማስታወሻ የምትሰጠኝ እሷ ነበረች። ገልብጪልኝ።»

«ታነቢልኛለሽ?»

«ናይ። አሁን እኮ ለምደሽዋል።»

እውነቷን ነው፤ ለምጄዋለሁ። በዓለም ላይ ያንን እጅ ጽሑፍ ያለ አስተርጓሚ የማነብ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ ወደ ኩሽና ገብታ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ እኔ ብዕሬን አነሣሁ።

ደብዳቤው ዙሪያ ጥምጥም አልነበረውም። «ከአውቶቡሱ አልወረድኩም» ብሎ ነው የሚጀምረው። «አየሁሽ፤ ስትሮጪም አየሁሽ፤ ፊቴን አዞርኩ። ያን መጨረሻ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ የሰው ኩርፊያ ማየት አትችልም፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ቸኮለች። እኔ አሁንም አውቶቡሱ ውስጥ ነኝ። አባቴ ሲሞት ለምን እንዳልመጣሽ አላውቅም። ጠይቄሽ አላውቅም፤ ያም የእኔ ጥፋት ነው። አሁን እየጠየቅኩሽ ነው። መልስሽ ምንም ይሁን፣ እውነቱን ብቻ ጻፊልኝ።» ከዚያ ከታች፣ ስለ እኔ ሁለት መስመር ነበር። «ይህን የምትገለብጥልኝ ያችው ጓደኛዬ ናት። እንዳለ እንደምታደርሰው አውቃለሁ።»

እጄ ቆመ። ሳህን የምታጥበው ሴትዮ፣ በሩን ከመክፈቷ በፊት፣ እኔ ባቡር ከመሳፈሬም በፊት፣ ምናልባት ስልኩን ከማንሣቷም በፊት፣ ይህን ጽፋ አስቀምጣ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ሰው ይቅር ብሎኛል፤ አብዛኛው በቃል ነው። እንዲህ አድርጎ፣ ጥፋቴን በገዛ እጄ አስጽፎ፣ እዚያው ወረቀት ላይ ደግሞ መልሶ ያመነኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አመስግኛታለሁ፤ አንዴም አልበቃኝም።

የነቀምቷ ጓደኛ መልስ ጽፋለች። ምን እንዳለች አውቃለሁ፤ አልጽፈውም። የእኔ አይደለም።

ያን ማክሰኞ ግን አንድ ፈተና ቀርቶኝ ነበር። በደብዳቤው ውስጥ የትም ቦታ «ናፍቀሽኛል» የሚል ቃል የለም። እንደናፈቀቻት አውቃለሁ። ያ የነቀምት ታሪክ ሙሉ በሙሉ እሱን ነው የሚለው። አንዲት ቃል ናት፤ ከፊርማው በላይ ቦታም ነበራት። ብዕሬ እዚያ ቦታ ላይ ቆየ። ከዚያ እንደነበረው ፈረምኩላት፤ «እህትሽ» ብላ ነበር የጨረሰችው፣ «እህትሽ» ብዬ ጨረስኩ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አልኩበት።

እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች። «ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ። እይው እትዬ። አንድ ጊዜ አንብቢው፣ በእግዜር።»

ወረቀቱን አንሥታ ሁለት ቦታ አጠፈችው።

«ምን አነበዋለሁ» አለች፣ «የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።» ፖስታው ውስጥ ከተተችው፤ ጠርዙን በምላሷ አርሳ አሸገችው።